ያልተጻፈ ዕድሜ፣ ያልተለካ ግፊት

ሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አክስቴን ለኮቪድ ክትባት ይዤ ሄጃለሁ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶታል። ወረፋ ጠባቂው በረንዳው ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ አብዛኛው ነጠላውን እስከ አፍንጫው ስቦ ተከናንቧል። አክስቴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መንኩሰው ቆብ ስለጫኑ ሰው ሁሉ «እማሆይ» ይላቸዋል። ተራቸው ሲደርስ መዝጋቢው ወጣት ቀና ብሎ ጠየቃቸው።

«እማሆይ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄው ልጄ! በላይ ሲሰቀል ድክ ድክ እል ነበር ይሉኛል።»

ልጁ ፈገግ አለ። ፊታቸውን ጥቂት አየና መዝገቡ ላይ 65 ብሎ ጻፈ።

አርበኛው በላይ ዘለቀ የተሰቀለው በጥር 1937 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ድክ ድክ የሚል ሕፃን በ2013 ዓ.ም. ቢያንስ 77 ዓመት ይሆነዋል። በአንዲት የእስክሪብቶ ጭረት አክስቴ 12 ዓመት ተቀነሰላቸው። በዚያን ሰዓት ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም፤ ክትባቱን አገኙ፣ ቤታችን ገባን። በኋላ ግን እነዚያ 12 ዓመታት በሽታው ዘንድ ምን ያህል እንደሚመዝኑ ሳነብ እንቅልፍ ነሱኝ።

ኮቪድ-19 የያዘው ሰው የመሞት ዕድሉ ከዕድሜው ጋር እንዴት እንደሚጨምር ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘኑ ተመራማሪዎች ክትባት ከመምጣቱ በፊት ያሰሉት ነገር አለ። በ25 ዓመት ከተያዙት 0.01 በመቶ ያህሉ ይሞታሉ። በ55 ዓመት 0.4 በመቶ፣ በ65 ዓመት 1.4 በመቶ፣ በ75 ዓመት 4.6 በመቶ ይሆናል። በ85 ዓመት 15 በመቶ ይደርሳል። መወጣጫው እንደ ጮቄ ተራራ ዳገት ነው፤ መጀመሪያ ለጥ ያለ ይመስላል፣ ወደ ላይ ሲወጡ ትንፋሽ ያሳጥራል። መዝገቡ ላይ 65 ዓመት የሆኑት አክስቴ አደጋቸው 1.4 በመቶ ነው። በእውነተኛው ዕድሜያቸው ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። መዝጋቢው ልጅ ክፋት የለበትም፤ የልደት የምስክር ወረቀት በሌለበት አገር ከፊት ገጽ ውጭ ምን ሊያነብ ይችላል?

ስለ ወረርሽኝና ስለ አካባቢ ተጋላጭነት ስንነጋገር ሁለት ቃላት አይለዩንም፦ «ዕድሜ» እና «ተጓዳኝ ሕመም»። በ2012 ዓ.ም. ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ጠዋት ማታ ይደጋግማቸው ነበር። እኔ ግን ከቢቸናና ከሞጣ ሆኖ ለሚያይ ሰው ትልቁ ጥያቄ ስንት አረጋውያን አሉን፣ ስንት ሕሙማን አሉን የሚለው ብቻ ነው ብዬ አላምንም። እነማን እንደሆኑ ማን ያውቃል የሚለው ይቀድማል። ዕድሜው ያልተጻፈ ሽማግሌና ግፊቱ ያልተለካ ጎልማሳ በየትኛውም የተጋላጭነት ካርታ ላይ አይታዩም።

በቅድሚያ ግን እውነቱን እውነት እንበል። ወጣትነታችን ጠቅሞናል። የመጀመሪያው በሽተኛ በአዲስ አበባ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። መጋቢት 27 ቀን የመጀመሪያው ሞት ተነገረ፤ የ60 ዓመት እናት ነበሩ። በሦስተኛው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአማራ ክልላችንም በዚያው ወር በባሕር ዳርና በአዲስ ቅዳም በሽተኞች ሲገኙ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ጥሊሊ ለሁለት ሳምንት ተዘጉ። ሁላችንም የጣሊያንን ሬሳ የጫኑ ወታደራዊ መኪኖች በስልካችን አይተን ስለነበር የኛን አስከሬን ማን ይቀብረዋል እያልን ነበር የምንፈራው። የፈራነውን ያህል አልሆነም። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓለም አቀፍ አስቸኳይ ጊዜውን ሲያነሳ ኢትዮጵያ የመዘገበችው ግማሽ ሚሊዮን ያህል በሽተኛና ከ7,500 ጥቂት ከፍ ያለ ሞት ነበር። የሕዝቧ ብዛት ከኛ ግማሽ ያህል የሆነችው ጣሊያን ከ180 ሺሕ በላይ ሰው ቀብራለች።

የዚህ ልዩነት ትልቁ ምክንያት ዕድሜ መሆኑን አልክድም። ጣሊያናዊውን ሁሉ በዕድሜ ቢያሰልፉት መሐል ላይ የሚቆመው ሰው 47 ዓመት ገደማ ነው፤ ከኛ ሰልፍ መሐል የሚቆመው ግን 19 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ነው። ከጣሊያን ሕዝብ ወደ ሩብ የሚጠጋው 65 ዓመት ያለፈው ሲሆን የእኛ የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ያገኘው 3 በመቶ ገደማ ነው። ይህ እንግዲህ ከየትኛውም የመንግሥት እርምጃ በላይ ጋሻ ሆኖናል።

ግን የተቆጠረው ሞት የሞተው ሁሉ አይደለም። በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ደማቸው ሲመረመር በቫይረሱ ተይዘው የነበሩት በነሐሴ 2012 አካባቢ 10.9 በመቶ ነበሩ፤ በየካቲት 2013 አካባቢ 53.7 በመቶ ሆኑ። በስድስት ወር ውስጥ ከግማሽ በላይ! በሽታው በጸጥታ አገር እያዳረሰ ነበር ማለት ነው። አዲስ አበባ ከመቃብር ቦታዎች ሞትን የሚከታተል አሠራር ከ1990ዎቹ ጀምሮ አላት። በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ባሉት በእነማይና በሁለት እጁ እነሴ ወረዳዎች ገጠር ግን ሽማግሌ ሲሞት የሚያውቀው ዕድሩ ነው፤ ቄሱ ይፈታሉ፣ አርባው ይወጣል፣ ተዝካሩ ይበላል፣ የትም አይጻፍም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ነገር ግን ለልጅ ትምህርት ቤት ስለሚያስፈልግ ልደት ይመዘገብ ይሆናል እንጂ ለሟች ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ የሚሄድ ገበሬ አላየሁም። በ2012 ክረምትና በ2013 በጋ «ጉንፋን መታቸውና በሳምንታቸው አረፉ» የተባሉ ስንት አዛውንት ነበሩ? በሞጣ ገበያም በቢቸና ገበያም መርዶ የሰማ ሁሉ የየራሱን ይቆጥራል።

ሁለተኛው ነገር በመቶኛ የማሰብ ልማዳችን ነው። 3 በመቶ ሲባል ጆሮ አይይዘውም። የ1999ኙ ቆጠራ በምሥራቅ ጎጃም ዞን 2,153,937 ሰው አግኝቷል፤ ከዚያ ውስጥ ከተሜው አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። ከዚህ 3 በመቶውን ብቻ ብንወስድ ከ64 ሺሕ በላይ አረጋውያን ናቸው። ቢቸናንና ሞጣን አንድ ላይ ሞልቶ የሚተርፍ የሽማግሌና የባልቴት ከተማ ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ቢያዙና ሁሉንም እንደ ትንሹ፣ እንደ 65 ዓመት ሰው ብንቆጥራቸው እንኳ፣ በ1.4 በመቶ ስሌት ከ900 በላይ ሬሳ ነው። አገሪቱ በሙሉ በሦስት ዓመት የመዘገበችው ከ7,500 ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ ይህ 900 ግን ከአንድ ዞን ብቻ፣ ያውም ካረጀ የቆጠራ ቁጥር ነው። ያ የመቶኛ ስሌትም የተሠራው ሆስፒታል፣ ኦክስጂንና ባለሙያ ባላቸው ሀብታም አገሮች ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ወጣትነት ሕዝቡን በአማካይ ይጠብቃል እንጂ ሽማግሌውን አይጠብቅም። የ77 ዓመቷ አክስቴ በአጠገባቸው አሥር የልጅ ልጆች ስለተቀመጡ ሳንባቸው አይታደስም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። በጣሊያን ብዙ አረጋውያን ለብቻቸው ወይም በመጦሪያ ቤት ይኖራሉ፤ በኛ አገር አያት ከልጅ ልጅ ጋር አንድ መደብ ላይ ያድራል። ትምህርት ቤት ውሎ የመጣ ልጅ ማታ እሳት ዳር ተረት እየሰማ የሚደገፈው የአያቱን ጉልበት ነው። ይህ ትልቅ ጸጋችን ነው፤ ማንም እንዲነካብን አልሻም። ወረርሽኝ ሲመጣ ግን መንገዱ ይኸው ነው። በ2012 የትንሣኤ በዓል ሚያዝያ 11 ቀን ምእመኑ በቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን እንዲያስቀድስ ሲነገር፣ ዕድሜ ልኳን በሰሙነ ሕማማት ስትሰግድ የኖረችን መነኩሲት «ቤትሽ ቅሪ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አይቻለሁ። ቴሌቪዥን የሌለበት ቤት ውስጥ ደግሞ ትእዛዙ ራሱ ትርጉም አልነበረውም።

ሌላም አለ። ከምሥራቅ ጎጃም ጉልበት ያለው ወጣት በአዝመራ ጊዜ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል፤ ሌላው ለቀን ሥራ አዲስ አበባ ይገባል። የወረዳው ቁጥር ወጣት ነው ይላል፤ ቤቱ ውስጥ በዚያ ወቅት የሚቀሩት ግን አዛውንት፣ እናቶችና ሕፃናት ናቸው። ታማሚውን አልጋ ላይ አድርጎ ተሸክሞ ወደ መኪና መንገድ የሚያወጣው ትከሻ በቦታው የለም። ለአንድ አካባቢ የዕድሜ ስሌት ሲሠራ በየትኛው ወር የሚለው ጥያቄ መነሣት ያለበት ለዚህ ነው።

ወደ ተጓዳኝ ሕመም ልምጣ። ቃሉን ያወጣው ሰው ይመስገን፤ ጥሩ ቃል ነው። ከሌላው ጋር ጎን ለጎን የሚጓዝ ሕመም። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊት፣ የሳንባ በሽታ። ኮቪድ ብቻውን ሲመጣ የሚወጡት ዳገት ከነዚህ ጋር ተደርቦ ሲመጣ ገደል ይሆናል። በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ 6 በመቶ ገደማው ከልክ ያለፈ የደም ስኳር ተገኝቶባቸዋል። አብዛኞቹ ግፊት እንዳለባቸው የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ መድኃኒት የሚወስዱት በጣም ጥቂት ናቸው።

አክስቴ ከነዚህ መሐል ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. መስከረም ላይ ራሳቸውን ከበዳቸውና ዓይናቸው ብዥ አለ። ሰፈሩ ምች ነው አለ፤ ዳማከሴ ታሸላቸው፤ ጸበል ተጠመቁ። በሳምንቱ ወደ ከተማ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ነርሷ የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ጠቀለለች፤ ክንዳቸው ቀጭን ስለሆነ ሁለት ጊዜ ዞረ። ነፋችው፣ በጆሮዋ አዳመጠች፣ እንደገና ነፋችው። 190 በ110።

«እማሆይ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ግፊት ያለብዎት?»

«እንዲህ ያለ ነገር ክንዴ ላይ ታስሮ አያውቅም ልጄ። ዛሬ ገና አየሁት።»

ቆጠራ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ስምንት ልጅ ወልዶ፣ ድርቅና ጦርነት አሳልፎ፣ ጾም ጾሞ ለ77 ዓመት የደረሰ ሰው በአንድ የጨርቅ ጥቅል አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልተለካ ይወቅልኝ። ከሦስት ወር በፊት ክትባት ሲወጉ ጤና ጣቢያ ነበሩ። ዕድሜያቸው በግምት ተጻፈ፤ ግፊታቸውን ግን ያሰበው የለም።

የተጓዳኝ ሕመም ዝርዝሩ ራሱ ከኛ ገጠር ጋር ልክ አይደለም። ከውጭ የመጣው ዝርዝር ውፍረትን ከፊት ያስቀምጣል፤ በጎጃም ገበሬ መንደር ወፍራም ሰው መፈለግ ድካም ነው። በዚህ በኩል ተርፈናል። ግን በሌላ በኩል በዚያ ዝርዝር ጎልተው የማይጠሩ ሕመሞች አሉን። ከልጅነቷ ጀምሮ በኩበትና በእንጨት ጭስ እንጀራ ስትጋግር የኖረች ሴት ሲጃራ ቀምሳ ሳታውቅ በ50 ዓመቷ ሳንባዋ የአጫሽ ሳንባ ይመስላል። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም በወጉ ሳይታከም ቀርቶ የልብ በር ያበላሸባቸው፣ በ20 ዓመታቸው ዳገት መውጣት ያቃታቸው ልጆች አሉ። በጎንደርና በጅማ ሐኪሞች ደጋግመው እንደጻፉት በገጠራችን የስኳር በሽታ ሀብታምና ጎልማሳን ብቻ አይመርጥም፤ ከሲታ፣ ድኻና ወጣት ወንዶችን ይይዛል፤ ኢንሱሊን ካላገኙ አይሰነብቱም። የሳንባ ነቀርሳና ኤች አይ ቪም አሉ። ስለዚህ «ሕዝባችን ወጣት ስለሆነ ተጓዳኝ ሕመም የለበትም» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። የኛ ተጓዳኝ ሕመም ሽማግሌ ዘንድ ብቻ አያድርም።

ከተያዙ በኋላ የሆነውን ደግሞ በ10 የአፍሪካ አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ 64 ሆስፒታሎች ውስጥ የጠና የኮቪድ ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት አሳይቷል። በአንድ ወር ውስጥ 48.2 በመቶው ሞተዋል፤ የዓለም አማካይ 31.5 በመቶ ነበር። ስኳር፣ የኩላሊትና የጉበት በሽታ እንዲሁም ኤች አይ ቪ ያለባቸው ይበልጥ ተጎድተዋል። ወጣት ነን ብለን የተመጻደቅንበት አህጉር በጽኑ ሕሙማን አልጋው ላይ ከሌላው ይልቅ ሞቷል። ዕድሜ የሚታደገው እስከ ሆስፒታሉ በር ነው፤ ከበሩ ወዲያ ኦክስጂን፣ አልጋና የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

ስለ ኦክስጂን ካነሣሁ ከፍታን ሳልጠቅስ አላልፍም። ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ የሚሰጠው ኦክስጂን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ደገኛው በዚህ ተወልዶ ያደገ ነውና ጤነኛ ሲሆን አይሰማውም። በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎች ደማቸው የሚይዘው ኦክስጂን በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ መገኘቱ በ1990ዎቹ የዓለምን ተመራማሪዎች ያስደነቀ ነገር ነበር። ሳንባው ሲታመም ግን ይህ ጸጋ ምን ያህል እንደሚያዘልቅ ማንም ዋስትና አይሰጥም፤ ደጋ ላይ ለመውደቅ ያለው ርቀት አጭር ነው። የሞጣ ሰው ለጠና ሕመም ወደ ባሕር ዳር፣ የቢቸናው ወደ ደብረ ማርቆስ ይላካል። ለጤነኛ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ምንም አይደለም። ሲሊንደሩ እያለቀ ላለ በሽተኛ ግን የዕድሜው ቁጥርና የመንገዱ ርዝመት አንድ ላይ ይደመራሉ። ለ77 ዓመቷ ባልቴት «ከሆስፒታል የራቀች» መሆን በራሱ እንደ አንድ ተጓዳኝ ሕመም ሊቆጠር ይገባዋል።

ወጣትነት ለወረርሽኝ ሁሉ ጋሻ እንዳይመስለን የራሳችን ታሪክ ምስክር አለው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃው፣ እኛ «የኅዳር በሽታ» የምንለው፣ ዓለም ሁሉ የተሰቃየበት ኢንፍሉዌንዛ ነው። በከተማዋ 10 ሺሕ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን፣ 26 ዓመታቸው፣ ታመው ለሞት ደርሰው ነበር። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ከየቤቱ ቆሻሻ ወጥቶ ሲቃጠልና ሰፈሩ በጭስ ሲሞላ ያን ዘመን እናስታውሳለን። የዚያ በሽታ ጠባይ የኮቪድ ተገላቢጦሽ ነበር፦ በዓለም ዙሪያ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን፣ ጉልበታቸው የጠናውን ለይቶ ቀጠፈ፤ አረጋውያኑን ከተጠበቀው በታች ነካ። ከዚያ በፊት በነበረ ተመሳሳይ በሽታ ሰውነታቸው ተለማምዶ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪም እንዲሁ አምራቹን ትውልድ አጨደ። የሚቀጥለው ወረርሽኝ እንደ ኅዳሩ ከሆነ፣ ዛሬ ጋሻችን ያልነው የወጣት ብዛት ያን ጊዜ የበሽታው ማሳ ይሆናል። በአንድ ኮቪድ ልምድ ላይ ተኝቶ «እኛ ወጣት ሕዝብ ነን» ማለት ለዚህ ነው የሚያስፈራኝ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ ከሩቅ መምጣት ያለበት አይመስለኝም። ኤች አይ ቪ ያለበት የቢቸና ሰው ዛሬ ካርድ አለው፤ ቀጠሮ አለው፤ ቢቀር የሚፈልገው ሰው አለ፤ የሦስት ወይም የስድስት ወር መድኃኒት ይዞ ይሄዳል። ኮቪድ ሲመጣ ጤና ጣቢያው ማን ተጋላጭ እንደሆነ በስም ያውቅ ነበር። ለግፊትና ለስኳር በሽተኛ ይህ የለም ማለት ይቻላል፤ አንድ ወር ኪኒን ይሰጠዋል፣ ካልተመለሰ የሚጠይቀው የለም። ይህን ያህል ለአንድ በሽታ መሥራት ከቻልን ለሌላውም እንችላለን። ከጎንደርና ከጅማ ሆስፒታሎች ተነሥተው የስኳር፣ የግፊት፣ የልብና የሚጥል በሽታ ክትትልን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ያወረዱ ሐኪሞች፣ የሠለጠነ ነርስ ካለ ሥራው እንደሚሠራ ካሳዩ ቆይተዋል።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። በ2012 ቤት ለቤት እየዞሩ ትኩሳት ያለበትንና ከውጭ የመጣውን ሲጠይቁ አይተናቸዋል። ጤና ኬላው ውስጥ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የሚቀመጥ ማኅደር አለ፤ የእናት ክትትል፣ የልጅ ክትባት፣ የመጸዳጃ ቤት ሁኔታ ይጻፍበታል። እዚያው ማኅደር ውስጥ የአያት ዕድሜ በትክክል ቢጻፍ፣ ከ40 ዓመት በላይ ያለ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ግፊቱ ቢለካ የሚጠየቀው ወጪ የመለኪያው ዋጋና የግማሽ ሰዓት ሥልጠና ነው። ዕድሜን በትክክል መጻፍ ደግሞ የእኛ ሰው ዘዴውን ያውቃል፤ «ስንት ዓመትዎ ነው?» ብሎ ከመጠየቅ «የግብሩ ዐመፅ ጊዜ ልጅ ነበሩ ወይስ ያገቡ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የቢቸና ገበሬ የተነሣበትን ዓመት የማያስታውስ ሽማግሌ የለም። በላይ የተሰቀለበት፣ ዕድገት በኅብረት የተዘመተበት፣ የሰባ ሰባቱ ድርቅ፤ እነዚህን አንድ ገጽ ላይ በተራ አስፍሮ ለመዝጋቢው መስጠት ይቻላል። በ2003 ዓ.ም. በፎገራ፣ በደቡብ አቸፈርና በተሁለደሬ ጭምር የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድንም አባሉን በየዓመቱ ያድሳል፤ አዝመራው ገብቶ ገንዘብ እጅ ላይ ሲኖር ቤተሰቡ ሁሉ ለእድሳት ይመጣል። ሰው በራሱ እግር መጥቶ የሚሰለፍበት ቀን ነው። ያን ቀን አንድ ወንበርና አንድ ግፊት መለኪያ በር ላይ ማስቀመጥ ብዙ አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አሁን ያለንበትን ዘንግቼ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ምሥራቅ ጎጃም ከትጥቅ ግጭት መሐል ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ስልክ ይቋረጣል፣ መድኃኒት የጫነ መኪና ይቀራል። እንደ ኮቪድ ያለ ወረርሽኝ በሌለበት በዚህ ጊዜ ተጓዳኝ ሕመም ያለበት ሰው መከራውን ብቻውን እየተሸከመ ነው። የኮቪድ ጊዜ የዓለም ዐይን ነበረብን፤ አሁን በግፊት ወድቆ የቀረ አዛውንት ዜና አይሆንም። የአካባቢ ተጋላጭነት የሚሰላው ወረርሽኙ ከመጣ በኋላ ከሆነ ዘግይተናል፤ ዛሬ ኪኒኑን ያጣው ሰው ነገ በሽታው ሲመጣ የመጀመሪያው ሟች ነው።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ስልክ ከሳምንታት በኋላ ሲከፈት አክስቴን አገኘኋቸው። ስለ ሁሉም ጠየቅኋቸው፤ ስለ ዘመድ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጤፉ። መጨረሻ ላይ ስለ መድኃኒታቸው ጠየቅሁ። የታኅሣሥ ቀጠሯቸው ቀን መኪና ስላልነበረ አልሄዱም።

«ታዲያ ኪኒኑ አላለቀም እማሆይ?»

«ከኅዳር ጀምሮ ግማሽ ግማሽ እያደረግሁ ነው ልጄ። በቢላ ስከፍለው ይደቅቅብኛል፤ ዱቄቱንም በጣቴ እየነካሁ እልሰዋለሁ። አሁን አራት ቀርታኛለች።»